ንጉሡ ተሻገረ ወይ?

መካነ ሰላም
ኅዳር 14 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈንታሁን፤

እንደምን ከርመሃል? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ተመስገን፣ አለን። እናቴ ወገቧን ይዛ ታቃስታለች እንጂ ምላሷ ደህና ነው። «የእህቴ ልጅ ከተማ ገብቶ ረሳኝ፤ ማተሚያ ቤት ተቀምጦ ወረቀት አጣሁ አይለኝም መቼም» ብላ ታማሃለች። እኔም ከጎኗ ሆኜ አግዛታለሁ።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። አዎ፣ ሰባተኛዋ «የደመና አምባ» መጽሐፍ ደርሳናለች። ጀብሪል ከደሴ ሸቀጡን ሲያመጣ ከላምባው ጣሳ ጋር አስሯት ኖሮ ገጿ ሁሉ ላምባ ላምባ ይሸታል። ብትሸትም ማን ይተዋታል! በገበያው ማግስት አራጌ የልብስ ስፌት ቤቱን ደጃፍ አስጠረገ፣ ሰዉ ተሰበሰበ፣ እኔም እንደ ልማዴ ቁልፍ መትከሉን ትቼ አነበብኩላቸው።

ለማተሚያው ፊደሏን አንድ በአንድ በእጅህ የለቀምካት አንተ ስለሆንክ ታሪኩን አላወራህም። ያቺ የመጨረሻዋ ገጽ ምን እንዳደረገችን ግን ስማ። ጥላ በላው ከኋላ እየደረሰ፣ ከፊት ገደል፣ የደመናው ድልድይ ደግሞ «ሁለት ነፍስ ብቻ ነው የምሸከመው» ሲል! አፋፉ ላይ የቆሙት አራት ናቸው፤ ንጉሡ፣ እሳት ፈታይዋ፣ ዕውሩ መንገድ መሪና በቅሎዋ ዳማ። ልክ እዚያ ላይ «ፍጻሜው በስምንተኛው» ብላችሁ ዘጋችሁት። እናንተ ሰዎች ጤናም የላችሁ።

አራጌ መቀሱን ወርውሮ «ንጉሡ ይቅር!» አለ። «ጥላውን ለጥላ በላው የሸጠ እሱ አይደለም ወይ? ይኸው ሰውነቱ አልቆ ጭስ ሆኗል። ጭስ ምን ሊያደርግ ይሻገራል?» ጀብሪል ብድግ ብሎ «ወላሂ ይሄ ግፍ ነው» አለ። «የሸጠው ለራሱ ነው እንዴ? ሕዝቡ ቢራብበት ጥላውን ሰጥቶ እህል አመጣ። እንዲህ ያለ ሰው ይሙት ይባላል?» ሴቶቹ ሁሉ ለእሳት ፈታይዋ ሆኑ። ለዕውሩም ጠበቃ አልጠፋ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ፀሐፊ ሱሪውን ሊያሳጥር መጥቶ ቆሞ ሲሰማ ቆየና «እናንተ ሰዎች፣ በገበያ መሃል ንጉሡ ይሙት፣ ንጉሡ አይሙት እያላችሁ ትጮሃላችሁ? ለእናንተ ተረት ነው፤ ለሚሰማው ግን ሌላ ነው» አለ። ጉድ ፈላ! ከዚያ ወዲህ «ያ ሰውዬ» ነው የምንለው። «ያ ሰውዬ ይሙት፣ ያ ሰውዬ ይትረፍ።»

እናቴ ደግሞ በሌላ በኩል ተቆጣች። ጥጧን እየፈለቀቀች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። «በልጄ ስም ሞት አትጥሩብኝ! ንጉሤ ብላችሁ ብታቆላምጡትም ንጉሡ ማለት የኔ ልጅ ነው፤ ያኛው የራሱን ስም ያውጣ» አለቻቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ልቤን ቅር አለው።

ወንድሜ ንጉሤ እዚህ ቢኖር ለማን እንደሚሟገት ታውቃለህ። ለበቅሎዋ! ሰው ሁሉ ለሰው ሲከራከር እሱ «ዳማስ? ስለ ዳማ የሚያስብ የለም ወይ?» ይላል። ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው? ከመስከረም ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈልንም። አንድ ከተማ ውስጥ እየኖራችሁ አንተም ስለሱ ምንም አላልክ። ለብርዱ ሹራብ ልኬለታለሁ፤ ደረሰው ወይ? በሞቴ፣ ይህን መልስልኝ።

እህትህ እታገኘሁ

ደሴ
ታኅሣሥ 18 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለእትዬ እታገኘሁ፤

ጤናሽን እንዴት ነሽ? አክስቴስ? ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅር በይኝ። ማተሚያ ቤቱ ሥራ በዝቶበት ጣቴ ከቀለም አልጠራም፤ ይህቺን ወረቀትም አቆሽሼብሻለሁ።

ስለ ደራሲው ልንገርሽ፤ አቶ መለሰ ቀድሞ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ የሰው ክስ መጻፍ ሰለቸኝ ብለው ነው ይህን የጀመሩት። አሁን መንገድ ላይ መሄድ አልቻሉም፤ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እንኳ ሰው ከቦ «ማን ይተርፋል?» ይላቸዋል። የመካነ ሰላምን ሙግት ነገርኳቸው። ስለ አራጌ ሲሰሙ ሳቁና «ንገራቸው፣ ማን እንደሚተርፍ እኔም አላውቅም» አሉኝ። እውነታቸውን ይመስለኛል። ስምንተኛዋን ገና አልጀመሯትም፤ ዘንድሮ በዓይናቸው የሚያዩት ነገር እጃቸውን ይዞባቸዋል። እዚህ መንገዱ ዳር ላይ የሚያድረውን ሰው ብዛት ብታዪ አንቺም አትጽፊም ነበር።

ንጉሤ ደህና ነው። ትምህርት በዝቶበት ነው እንጂ ይጽፋል። ሹራቡ እኔ ጋ ነው፤ ሲመጣ እሰጠዋለሁ። አታስቢ።

አክስቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ፈንታሁን

መካነ ሰላም
ጥር 25 ቀን 1966 ዓ.ም.

ፈንታሁን፤

«ሲመጣ» አልክ። ከየት ነው የሚመጣው?

ሰላምታውን ያስቀረሁት ተናድጄ ነው። ደብዳቤህን ለእናቴ ሳነብላት ያቺን ቃል ዘለልኳት። ማታውን ግን እሷ ራሷ «ሹራቡን አንድ ከተማ ውስጥ እያሉ ስለምን አልሰጠውም?» አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት እንዲህ ታስተውላለች፤ አንተ እኔን ሞኝ አድርገህ ትጽፋለህ።

ይኸው ከሌላ ሰማሁት። ደሴ የሚማር አንድ የአጅባር ልጅ ወደ ዘመዶቹ ሲያልፍ እኛ ጋ አረፈ። ንጉሤ ትምህርቱን ትቶ በቆላው መንገድ ወዳለው የረኃብተኛ መጠለያ ከጓደኞቹ ጋር ሄዷል አለኝ። እህል ያድላሉ፣ ውሃ ያጠጣሉ፣ ሬሳ ይቀብራሉ አለኝ። እዚያ ተስቦ ገብቷል፣ የሚያስታምመውም ከታማሚው ጋር ይወድቃል አለኝ። ይህን ሁሉ የነገረኝ የሰው ልጅ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ግን «ትምህርት በዝቶበት ነው» ይለኛል!

መሄዱን አልነቅፍም። ረኃቡ እዚህም ደርሷል፤ ከቆላ የሚወጣው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሞልቶታል። እናቴ ቆሎ ይዛ ትሄድና እጇን ታጥባ ሳትበላ ታድራለች። አራጌን እንኳ ሙግቱ አስጠልቶታል። ባለፈው «ሁለት ነፍስ ብቻ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባኝ» ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እንግዲህ እኔ የምነቅፈው ወንድሜን ሳይሆን አንተን ነው። አንተ የዋሸኸኝ እንዳልጨነቅ ነው። አሁን ግን ሁለት ጭንቀት ሰጠኸኝ፤ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ካንተ አፍ ለሚወጣው ቃል ሁሉ።

እሱ ያለበትን ሂድና እይልኝ። ዓይተህ ያየኸውን ጻፍልኝ።

እታገኘሁ

ደሴ
የካቲት 19 ቀን 1966 ዓ.ም.

እትዬ፤

ብትቆጪ ይገባሻል። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ጀብሪል ጭነቱን አስሮ በር ላይ ቆሟል፣ ከተማውም ተረብሿል፣ ራዲዮኑ በየሰዓቱ ሌላ ነገር ይላል። እንዳልሽኝ ሄጄ ንጉሤን አይቼዋለሁ። ዝርዝሩን ጀብሪል በአፉ ይነግርሻል።

ፈንታሁን

መካነ ሰላም
መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም.

ፈንታሁን፤

«በአፉ ይነግርሻል» አልክ። እንዴት አድርጎ እንደነገረን ልንገርህ።

ጀብሪል እንደገባ ወደኛ አልመጣም። በሩቅ አየሁት፤ እጄን ባውለበልብለት አንገቱን ደፍቶ ወደ አራጌ ቤት ገባ። ማታ ስለ ስምንተኛዋ ልጠይቀው ብሄድ ሚስቱ «ደክሞት ተኝቷል» አለችኝ፤ ጉንጬን ስትስመኝ ግን አንገቴን ለቀቅ አላደረገችኝም። በዚያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ሞኝ ነኝ፣ ስለ ተረቱ ነው ያሰብኩት።

ጎህ ሲቀድ እናቴ ደጁን ከፈተች። አራጌ፣ ጀብሪል፣ የነፍስ አባቷና ሁለት ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አቋቋም ሰው ደጅ የሚቆመው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እናቴ መሬት ላይ ዘፍ አለች። አራጌ ገና «እግዜር ያጥናችሁ» ከማለቱ ጩኸቱ ከጎረቤት ጎረቤት ተያያዘ። እናቴ ፊቷን ነጨች። ድንኳን ሊተክሉ እንጨት ይዘው መጡ።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ መሃል ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ጀብሪልን በኮቱ ይዤ ከቤቱ ጀርባ ወሰድኩት።

«ሬሳውን አይተሃል?»

«ኧረ አላየሁም።»

«ፈንታሁን ሞተ አለህ?»

«እንዴት እንዲህ ይለኛል!»

«ታዲያ ምን አለህ? ቃሉን ንገረኝ።»

«ንጉሤን ትንሽ አሞታል፤ እንዳይደነግጡ ቀስ አድርገህ ንገራቸው፣ አለኝ።»

«እና?»

«እና እታገኘሁ፣ ካንቺ ጋር ልጣላ እንዴ? ትንሽ አሞታል፣ ቀስ አድርገህ ንገር ከተባለ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ሰው ሁሉ የሚረዳው እንዲህ ነው። አባቴ ሲሞት ለኔም የተላከልኝ ‹ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በል› ተብሎ ነው።»

ምን ልበለው? እውነቱን ነው። እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የምረዳው። አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም ወይ? ሰው ሲሞት ምን ተብሎ እንደሚላክ አታውቅም?

ለቅሶውን ለማቆም እስከ ቀትር ፈጀብን። አራጌ አፍሮ ድንኳኑን ራሱ ነቀለው። በከላላ መንገድ ዳር ካለው መንደር ሰምተው የደረሱት ዘመዶቻችን «መጥተን ሳናለቅስ አንመለስም፤ ቢያንስ ላባቱ እናልቅስ» ብለው አባቴን አለቀሱለት። መሳቅ ቢያምረኝም አልቻልኩም። ምክንያቱም አላመኑኝም ፈንታሁን። ከዓይናቸው ይታያል። «ምስኪን፣ እውነቱን መቀበል አቅቷት ነው» ነው የሚሉኝ። እናቴ ጠዋት ነጠላዋን ለሐዘን ታዘቀዝቀዋለች፣ ከሰዓት መልሳ ትገለብጠዋለች። ልጄ አለ ወይስ የለም ብላ አትጠይቀኝም። ያ ነው የሚገድለኝ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? «ደህና ነው» ብትለኝ ከዚህ ቀደም ብለኸኛል። «አሞታል» ብትለኝ ሰው ድንኳን ይተክላል። ቃል ሁሉ አልቆብሃል። ስለዚህ በአንዲት ነገር ልፈትንህ። ስምንተኛዋ መጽሐፍ ስትታተም ከአራቱ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ እንደወረደ ጻፍልኝ። ደስ የማይለኝ ቢሆንም አትቀባባው። በተረት ሳትዋሸኝ ከቀረህ በወንድሜም እንደማትዋሸኝ አምናለሁ። ከቻለ ደግሞ እሱ ራሱ በእጁ አንድ ቃል ይጻፍልኝ። ስሙን ብቻ ቢጽፍም ይበቃኛል።

እታገኘሁ

ደሴ
መጋቢት 24 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእትዬ እታገኘሁ፤

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ወጥቼ ማተሚያ ቤቱ ጀርባ ቆምኩ። አክስቴ ፊቷን መንጨቷን ሳስብ ራሴን ጠላሁት። «ትንሽ አሞታል» ያልኩት ለማስደንገጥ አልነበረም፤ ያን ቀን በእርግጥ ትንሽ ነበር ያመመው። የአገሬ ቋንቋ እንዲህ ይከዳኛል ብዬ አላሰብኩም።

ስሚኝ፣ እውነቱ ይኸውልሽ። ንጉሤ በሕይወት አለ። በኋላ ብሶበት መጠለያው ውስጥ ወድቆ በጭነት መኪና እዚህ ሆስፒታል አምጥተውታል። ተስቦ ነው። ጠጉሩን ላጭተውታል። አንዳንድ ቀን ያውቀኛል፣ አንዳንድ ቀን በአባታችሁ ስም ይጠራኛል። በእጁ እንዲጽፍልሽ እርሳስ አስይዤው ነበር፤ እጁ ተንቀጠቀጠና እርሳሱ ወደቀ። ይህን ስጽፍ ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ። ግን ሌላ እውነት የለኝም።

ስምንተኛዋ ታትማለች። አንዷን ታትማ ባለቀችበት ቀን ለይቼ ልኬልሻለሁ። የጠየቅሽኝን እንደወረደ ልንገርሽ፤ ንጉሡ አልሞተም። እሳት ፈታይዋና ዕውሩ በድልድዩ አለፉ፤ ንጉሡም ጭስ ነውና ለድልድዩ አልከበደውም፣ ተከትሏቸው ተሻገረ። አራጌ «ጭስ ነው» ብሎ የሰደበው ለበጎ ሆነለት። ፊደሉን የለቀምኩት እኔ ነኝ፤ «ተሻገረ» ይላል።

እመኚኝ እትዬ።

ፈንታሁን

መካነ ሰላም
ሚያዝያ 15 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለፈንታሁን፤

መጽሐፏ በፋሲካ ሳምንት ደረሰችኝ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። እናቴን በእጇ ይዤ አራጌ ቤት ወሰድኳት፤ ከዚያ ከለቅሶው ቀን ወዲህ ሰው መሃል ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሰዉ ግጥም ብሎ ሞላ። ያ የአውራጃ ፀሐፊ እንኳ ሱሪ ሳይዝ መጣ። አሁን «ያ ሰውዬ» በሉ የሚል የለም፤ በግልጽ «ንጉሡ፣ ንጉሡ» ይባላል።

አነበብኩ። «ንጉሡም ጭስ ነውና ለድልድዩ አልከበደውም፤ ተከትሏቸው ተሻገረ» ስል እናቴ እልል አለች! ልጇ የተሻገረ ያህል ነው ያደረጋት። ሴቶቹ ተቀበሏት። ጀብሪል ግን እልል ማለት ሲገባው ፊቱ ጠቁሮ መጽሐፍ ገልብጦ ይፈልጋል። ለካ እሱም ከደሴ ገበያ አንድ ገዝቶ መጥቶ ስትነበብ በዓይኑ ይከተል ኖሯል።

«የኔው እንዲህ አይልም» አለ።

አራጌ ነጠቀው። ጮክ ብሎ አነበበ። «ንጉሡም በገደሉ አፋፍ ላይ ብቻውን ቀርቶ፣ ነፋስ በትኖት ሞተ።»

ቤቱ ተናወጠ። ለንጉሡ ሲሟገት የኖረው ጀብሪል «ሐሰተኛው የኔ መጽሐፍ ነው፣ አታለውኛል!» ይላል። ይሙት ይል የነበረው አራጌ «አይደለም፣ እውነተኛው ይሄ ነው፤ ጭስ የትም አይሻገርም» ይላል። ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን አድርገው ተጨቃጨቁ፣ ተሳሳቁ፣ የፊደል ለቃሚ ስሕተት ነው ተባባሉ። እናቴም እየሳቀች «እኔ ልጄ ያነበበችውን ነው የማምነው» አለች። እኔ ግን መጽሐፍህን ይዤ ወደ ብርሃኑ ወጣሁ። የመጨረሻዋ ቅጠል ወረቀቷ ከሌሎቹ ይነጣል። ለብቻዋ የታተመች ናት። ለኔ ብቻ።

ስሕተት አለመሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። በዚህች አንዲት ነገር ልፈትንህ ብዬ ነበር። አንድ ቅጠል ሙሉ፣ ፊደል በፊደል ለቅመህ ዋሸኸኝ። ንጉሡ ሞቷል። የትኛው ንጉሡ እንደሆነ አልጠይቅህም፤ እጁ ተንቀጥቅጦ እርሳስ ወደቀ ስትለኝ ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር፣ እንዳይገባኝ ነው የታገልኩ።

እናቴ ነጠላዋን ዛሬ አላዘቀዘቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ አላዘቀዘቀችም፤ እኔ ምን ዓይነት ጉድ ውስጥ እንዳለሁ አስበው። ሽማግሌዎቹ ዳግም አይመጡም፤ በፊተኛው አፍረዋል። እንግዲህ የማርዳት እኔ ነኝ። ጀብሪል ነገ ይነሳል፤ ይህን ይዞልህ ይመጣል። ሲመለስ የምትለው ካለህ ላክ። ባዶ እጁን ከተመለሰ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናቴን ቀስቅሼ እነግራታለሁ። ተቀብሮ እንደሆነ የት እንደተቀበረ ብቻ ንገረኝ፣ አፈሩን እንድትዳስሰው።

አልረግምህም። እኔም ብሆን እጄ አይጽፈውም ነበር ይሆናል።

እታገኘሁ

ደሴ
ግንቦት 1 ቀን 1966 ዓ.ም.

እታለም፤

ብዕሩን ከፈንታሁን ነጥቄ ነው። እኔ ነኝ፣ ንጉሡ። ፊደሉ የዶሮ ጭረት ቢመስልም አትቀየሚ፤ ትራሱ ላይ ተደግፌ ነው የምጽፈው፣ ጣቴም እንደ ሽማግሌ ይንቀጠቀጣል። የፈንታሁን ተንኮል ነው እንዳትዪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሁለት መጽሐፍ አገላብጣችሁ አገር ምድሩን ስታናውጡ ስለ ዳማ የጠየቀ አንድ ሰው ነበር ወይ? አልነበረም። አውቃችኋለሁ።

ፈንታሁንን ተይው። ደብዳቤሽን አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ አነበበልኝና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያቺን የመጨረሻ ገጽ የለቀማት እኔ ራሴን የሳትኩ ቀን ነው። ከሆስፒታል ወደ ማተሚያ ቤት ሄዶ «ን»ን አነሳ፣ «ጉ»ን አነሳ፣ «ሡ»ን አነሳ፣ መጨረሻ ላይ «ሞ» ጋ ሲደርስ እጁ እምቢ አለው። የአቶ መለሰ ሥራ ነውና እንደምንም ጨረሳት። ከዚያ ደግሞ እማዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ይህን ስትሰማ ታየው። ሟርት ሆነበት። በልጄ ስም ሞት አትጥሩብኝ ብላ የለ! ለናንተ ብቻ ሌላ ቅጠል ለቀመ። ፈተናሽን ረስቶት አይደለም፤ ከፈተናሽ ይልቅ ሟርቱን ፈራ። ለነገሩ የሱ ፍጻሜ ከአቶ መለሰ ይሻላል፤ ጭስ አይከብድም ማለቱን ወድጄዋለሁ።

አሁን ትኩሳቱ ለቆኛል። ጠጉሬ የለም፣ እግሬ ቀጭኗል፣ የምበላው ግን አያጠግበኝም። ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ፤ መኪናው አቀስታ ካደረሰኝ ከዚያ በበቅሎ ትቀበሉኛላችሁ።

ስለ መጠለያው አትጠይቂኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አንዱን ግን ለሰው መንገር አለብኝ። ሐረግ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ከቆላ ከእናቷ ጋር መጥታ እናቷ ቀድማት ሄዳለች። ውሃ ሳጠጣ የምናገረው ባጣ «የደመና አምባ»ን አወራት ጀመር። ንጉሡ ጥላውን ሲሸጥ ዝም። እሳት ፈታይዋ ስትመጣ ዝም። ገደሉ አፋፍ ላይ አራቱን አቁሜ፣ ሁለት ነፍስ ብቻ ብዬ ባቆም፣ «በቅሎዋስ?» አለችኝ። ከኔ ሌላ ይህን የጠየቀ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት፤ ምክንያቱም አላውቅም ነበር፤ ስምንተኛዋ ገና አልተጻፈችም።

በማግስቱ ዓይኗን መግለጥ አቅቷት «በቅሎዋስ?» አለችኝ። «ዳማ ተሻግራለች» አልኳት። «ማዶ ሣር አለ?» አለች። «አለ» አልኳት። ውሃውን ተጎነጨችልኝ። ሌላ ቀን ጠዋት ጣሳዬን ይዤ ስሄድ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።

ስምንተኛዋን ያነበብኩት ትኩሳቱ ሲለቀኝ ነው። የፈለግሁት ንጉሡን አይደለም። ዳግመኛም አነበብኳት። ዳማ የለችም። ሞተች አይልም፣ ተሻገረች አይልም፣ አፋፉ ላይ ቆማ ቀረች። አቶ መለሰ ሊጠይቁኝ መጥተው «በቅሎዋስ?» ብላቸው «የቷ በቅሎ?» አሉኝ። ረስተዋታል እታለም። ሕዝቡም ሁሉ ረስቷታል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊልኝ። ለእማዬ የፈንታሁንን ቅጠል አንብቢላት፤ ለአራጌ የአቶ መለሰን። ንጉሡ ቢሞትም ቢተርፍም አልሟገትም፤ እኔ ይኸው አለሁ። በሁለቱም መጽሐፍ መጨረሻ ግን ባዶው ቦታ ላይ በእርሳስ ጻፊልኝ። ዳማ ተሻገረች፤ ማዶ ሣር አለ በይ።

ወንድምሽ ንጉሡ